ያልተበጠሰው ገመድ

ጥቅምት 6

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። አባባስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ ጥርሴም ከተነቀለ ወዲህ ሰላም ሰጥቶኛል።

ባለፈው ደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ «አንድ ነገር አለ፣ ግን ይቅር» ብዬ በመዝጋቴ ተቆጥተሻል። ይቅር የሚባል ነገር ከሆነ መጀመሪያውኑ አይነሣም ያልሽው ልክ ነው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገሩ ይኸውልሽ።

የማሽከረክረው ክሬን ከምንሠራው ሕንፃ በላይ የቆመ ረጅም ብረት መሆኑን ነግሬሻለሁ። ጠዋት መሰላሉን ወጥቼ ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ ከተቀመጥኩ እስከ ምሳ አልወርድም። ብረቱን፣ ጣውላውን፣ በትልቅ ባልዲ የተሞላውን አርማታ የማነሣው በአንድ የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ነው። ሥራ ከመጀመሬ በፊት በጓንት ይዤ እፈትሸዋለሁ። የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጓንቱን ይነክሰዋል። ካለፈው ወር መጨረሻ ጀምሮ እየነከሰኝ ነው። መጀመሪያ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አሁን አንድ ክንድ በማትሞላ ርዝመት ውስጥ ዘጠኝ ደርሷል።

ለፎርማናችን ነግሬዋለሁ። «ቶሎ በሉ» ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ሲወጣ የሰማ ስለሌለ። «ይሄን ፎቅ እንሙላና እንቀይረዋለን» አለኝ። ፎቁ ተሞላ፤ ቀጣዩም ተጀመረ። ሁለተኛ ስነግረው ደግሞ «አንተ ጸሎተኛ ሰው አይደለህ እንዴ? ምን ያስፈራሃል?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እንደዚያ ማለቱ ደስ አሰኘኝ። ከዚያ ወዲህ ጓንቴን ሳወልቅ እጸልያለሁ። ከላይ ሆኜ ሰውን የማውቀው በአናቱ ነው፤ ራሰ በራው ቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ ቢጫ ሻርፕ የምታስረው አሸዋ ነፊ አለች፣ ቆቡን ወደ ኋላ የሚያዞረው ብረት አሳሪ አለ። አንድ በአንድ እያየሁ «ጌታ ሆይ፣ እነዚህን በእጅህ ያዝልኝ» እላለሁ፤ ከዚያ ማንሻውን እጎትታለሁ። እስካሁን ይዟቸዋል። ስለዚህ አትጨነቂ። እሱ ያውቃል።

አባባን በእኔ ምትክ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

ለወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ መቀመጥ አቃተኝ።

መጀመሪያ የአባባን ልንገርህ፤ ደህና ናቸው። ግማሽ ጎናቸው እንደዚያው አልታዘዝ እንዳለ ነው፤ ንግግራቸውም እንደዚያው ተጎታች ነው፤ ምግብ ግን ይወስዳሉ። አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። በመሐል በራሳቸው የስፌት መኪና የሰው ልብስ እሰፋለሁ። ማን ያግዝሻል ብለህ ከዚህ ቀደም ጠይቀኸኝ ነበር። ማንም። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች በየተራ እንምጣ ብለው ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ መለስኳቸው። አባባን እንደ እኔ የሚያውቃቸው የለም። ማንኪያውን በየትኛው ጎን እንደሚይዙላቸው እንኳ አያውቁም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። አትጨነቂ ብለኸኛል፤ ተጨንቄአለሁ። እማማ ካረፈች በኋላ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ስትተኛ አጠገብህ ተንበርክኬ ጸሎት ያስተማርኩህም እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ለማለት መብት አለኝ። ጸሎትህ ላይ ነቀፋ የለኝም። ግን ጓንትህን የነከሰውን ሽቦ ማን ያሳየህ መሰለህ? አንተ «እነዚህን ሰዎች ጠብቅልኝ» እያልክ እሱን ስትለምን፣ እሱ ደግሞ እነሱን እንድትጠብቅለት አንተን እዚያ ላይ አስቀምጦህ ቢሆንስ? አንተ እሱን ትጠብቃለህ፣ እሱ አንተን ይጠብቃል፤ ገመዱ ግን ማንንም አይጠብቅም።

አላሾፍኩም። 

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የየቀኑን ፍተሻ የምትጽፍበት መዝገብ አለ ብለኸኝ ነበር። እዚያ ላይ ምን እየጻፍክ ነው?

እህትህ


ጥቅምት 24

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የክፍል ጓደኛዬ አናጢው «ክፉ ነገር ነው እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ እህቴ ናት» አልኩት። «ያው ነው» ብሎ ሣቀ።

መዝገቡ ላይ የምጽፈውን ልንገርሽ። «ተፈትሿል፤ ደህና ነው።» ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ሽቦው ጓንቴን መንከስ ከጀመረ ወዲህ ሃያ አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ፈርሜአለሁ። በአፌ እየለመንኩ በእጄ እዋሽ ነበር። ሁለቱን በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እስትንፋስ ነበር የማደርጋቸው፤ ደግሞ አልተጋጩብኝም። ፍርሃቴን እምነት ብዬ ጠርቼው ነው። የፈራሁት ገመዱን አልነበረም፤ ከቶሎ በሉ ጋር መጣላትን ነው። እግዚአብሔር እንዲሸፍንልኝ የፈለግኩት ያንን ፍርሃት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ገመዱን ፈተሽኩና መዝገቡ ላይ «ዘጠኝ ሽቦ ተበጥሷል፤ አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «ከዚህ በፊት ደህና ነው ብዬ የፈረምኩባቸው ሃያ አንድ ቀናት እውነት አይደሉም» ብዬ ጨመርኩ። የክሬኑን ቁልፍ ይዤ የግንባታው ኃላፊ ወደ ሆነችው ኢንጂነር ቢሮ ወረድኩ። ፈቃድ ላይ ናት አሉኝ። ቁልፉን ቶሎ በሉ ተቀበለኝ። መዝገቡን አየ፤ እኔን አየ። «ቤትህ ሂድ» አለኝ። ቶሎ ሂድ እንኳ አላለኝም።

ይኸው ሐሙስ ከሰዓት ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። አንዴ እውነቱን ከጻፍኩ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ከሌላ ሕንፃ ሌላ ኦፕሬተር ያመጣሉ ብለዋል፤ ሰኞ ይጀምራል። እኔ ወረድኩ እንጂ እነዚያ አናቶች ከገመዱ ሥር አልወጡም። ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር፤ መልስሽ እስኪደርስ ግን ሰኞ ያልፋል። ደግሞም ምን እንደምትይኝ የማውቅ ይመስለኛል። ይህን ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ የሚመጣው ኦፕሬተር የሚኖርበትን ጠይቄ ልሄድ ነው።

ጸልዪልኝ። ይህኛውን ጸሎት ሳላፍር ነው የምለምንሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለወንድምዓለም፣

ጽሑፉ የእኔ አለመሆኑን አይተህ እንዳትደነግጥ። የሚጽፉልኝ ጎረቤታችን መምህርት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያርሙት ደብተር አጥተው ነበርና ደስ ብሏቸው ነው። ጣቴን ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ያደረግከውን አነበብኩ፤ አነበቡልኝ ማለት ይሻላል። ስለ ሃያ አንዱ ፊርማ «ትንቂኛለሽ ወይ» የሚል ነገር በመስመሮቹ መሐል አይቻለሁ። አልናቅኩህም። ሰው የደበቀውን ራሱ ሲያወጣ እንዴት ይናቃል? ሃያ ሁለተኛውን ቀን የጻፍከው ማንም ሳያስገድድህ ነው። እኔ ኩራቴን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኛል።

ስለ ሰውዬው ጻፍልኝ። አገኘኸው? ምን አለህ? እየበላህ ነው? ስለ እኛ አታስብ። አባባ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል።

እህትህ

ከጸሐፊዋ፦ እህትህ ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌአለሁ። «ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ግን እኔ ብሆን በቀይ አሰምርበት ነበር። ቀሪውን ከራሷ ጠይቅ።


ኅዳር 11

ለእትዬ፣

የመምህርትን ቀይ መስመር አይቻለሁ። «ሌላ ነገር የለም» ማለትሽ እኔ «ይቅር» ካልኩት በምን ይለያል? ደብዳቤሽ በእጅሽ ሳይጻፍ የመጣው ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ይህ መጀመሪያው ነው። ምን ሆነሽ ነው? ቁጣ አይደለም፤ ልመና ነው።

ሰውዬውን አገኘሁት። ጠና ያለ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከሥራ ገብቶ ደጁ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ደረስኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«አንተ ስላልወጣህ እኮ ነው እኔን የጠሩኝ» አለኝ።

«አዎ። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው» አልኩት።

ጓንቴን ሰጠሁት። ገለበጠውና ጣቱን በቀዳዳዎቹ አስገባ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።  ስወጣ «ሚስቴ እንዳትሰማ» ብቻ አለኝ። ሰኞ ጠዋት መሰላሉን ወጣ፤ ፈተሸ፤ መዝገቡ ላይ የእኔን ቃል ደግሞ ጽፎ ወረደ። ቶሎ በሉ ሦስተኛ ሰው ማግኘት አልቻለም። ኢንጂነሯም ከፈቃድ ተመልሳ ሥራውን ሙሉ በሙሉ አስቆመችው። ገመዱን የሚመረምሩ ሰዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመጣሉ ተብሎ እየተጠበቀ ነው።

ይህን ስትሰሚ ሁሉም አመሰገነኝ ብለሽ እንዳታስቢ። የቀን ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ትናንት በግንባታው ግቢ በር አካባቢ ሰዎች ተሰብስበው አገኘኋቸው። አንዲት ጠንካራ ሴት ከመሐላቸው ወጥታ ፊቴ ቆመች። አላወቅኳትም፤ ሻርፗን ሳይ ነው ያወቅኳት። ለካ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ለካ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ።

«ያ ከላይ ያለኸው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ስለ እኛ ትጸልያለህ አሉ። እኔን የሚጠብቀኝን አምላክ ለእኔ ተውልኝ። እኔ ሥራዬን ነው የፈለግኩት» አለችኝ።

  አልተሳሳተችም፤ እቤቷ የሚጠብቋት አፎች አሉ።

እኔ እየበላሁ ነው። አናጢው ያለውን ያካፍለኛል፤ በምትኩ ክፍሉን እጠርጋለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ። ቀኑን የማሳልፈው በመጠበቅ ነው። ይህኛው መጠበቅ ግን ከዚያኛው የተለየ ነው። ያኔ የምሠራውን ሳልሠራ ነበር የምጠብቀው፤ አሁን ጨርሼ ነው። ለሚያየው ሰው ሁለቱም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። እኔ ግን በአሁኑ ላይ እንደ ወንበር ተደግፌ እቀመጣለሁ፤ በዚያኛው ላይ ሊወድቅ እንዳለ ሰው ጠርዙን ይዤ ነበር።

ስለ እጅሽ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 21

ለወንድምዓለም፣

ፊደሌ ተንጋዷል፤ እጁ ግን የራሴ ነው። ፋሻው ትናንት ወለቀ።

እሺ፣ ልንገርህ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ እንቅልፍ ጣለኝ። እግሬ መርገጫው ላይ እንዳለ እጄ ከመርፌው ሥር ገባ። ጠቋሚ ጣቴን ከላይ እስከ ታች በሳው። በጨርቅ አሰርኩትና መስፋቴን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ክንዴ እስከ ክርኔ አበጠ። ትኩሳቱም መጣ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ማን አባባን ያገላብጣል?

በአራተኛው ቀን ከአልጋ ወደ ወንበር ላነሣቸው ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረጋን። እሳቸው አልተጎዱም፤ ከሥር የሆንኩት እኔ ነኝ። ተነሥቼ ላነሣቸው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ደግሜ ሞከርኩ። አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «ጥሪ» አሉኝ። «ቆይ፣ አሁን እነሣለሁ» አልኳቸው። «ጥሪ» አሉኝ። የማነሣው እኔ ነኝ ብዬ ስታገል፣ ያቺን አንዲት ቃል ስንት ጊዜ እንደደገሟት አላውቅም። በመጨረሻ በመስኮቱ ጮኼ መምህርትን ጠራሁ። ለካ መስኮቱ ክፍት ነበር። ለካ እሳቸው ከእኛ በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

ሐኪም ቤት ስድስት ቀን ተኛሁ። ያን ጊዜ ነው በመምህርት እጅ የጻፍኩልህ። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዪ ጣትሽን እንቆርጠው ነበር አለኝ። ጣቱ ግን አለ፤ ይኸው ይጽፍልሃል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐኪሙም ይመስገን።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። በእነዚያ ስድስት ቀናት እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ አባባ ሞተው እንደማገኛቸው እርግጠኛ ነበርኩ። እያንዳንዱን ሰዓት እቆጥር ነበር፤ አሁን መገላበጫቸው አለፈ፣ አሁን ውኃ መጠጫቸው አለፈ እያልኩ። ስመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጢማቸው ተላጭቷል። ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አንዷ እግራቸውን እያሸች የሰፈሩን ወሬ ታወራላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ይሥቃሉ። ሲሥቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። መደሰት ሲገባኝ ተናደድኩ። ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያለ እኔ ስድስት ቀን ኖሩ፣ ወንድሜ። ደግሞም በደህና ኖሩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ይህን ለአንተ ካልሆነ ለማንም አልጽፈውም።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

ለእትዬ፣

ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብለሻል። የደከመች ሰው ነሻ። መልሱን መጀመሪያ የጻፍኩልሽ፣ የእኔን ወሬ ስታነቢ ልብሽ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ነው።

መርማሪዎቹ መጡ። ገመዱን አውርደው፣ ግቢው መሐል ዘርግተው፣ ሽቦዎቹ ተበጥሰው ከነበሩበት ቦታ ላይ በመጋዝ ቆረጡት። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ከውጭ ሲታይ ዘጠኝ ሽቦ ብቻ ነው። ውስጡ ግን፣ እምብርቱ ያሉት መሐሉ ላይ ያለው ገመድ፣ ዝጎ አልቋል። መርማሪው በጣቱ ሲፈገፍገው እንደ ዱቄት ረገፈ።

«ስንት ቀን ይቀረው ነበር?» አልኩት።

«ነገም ሊሆን ይችል ነበር። ዓመትም ሊቆይ ይችል ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የማስበው ይህንኑ ነው። ገመዱ አልተበጠሰም። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም፤ የሚወራ ታሪክ የለም። አድናቸዋለሁ ብዬ አድኛቸው እንደሆነ፣ ወይስ ዝም ብልም ምንም የማይፈጠር እንደነበር፣ እስክሞት አላውቅም። መጀመሪያ ይህ አለማወቅ ከነከነኝ። አሁን ግን ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ስለሆነልኝ ነገር ብዙ ጊዜ አመስግኜ አውቃለሁ፤ ስላልሆነ ነገር ማመስገን ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቶሎ በሉ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ጫፍ ነካ፤ ጣቱን አየ፤ ሱሪው ላይ ጠረገው። «እኔም እኮ ከሥሩ ነበር የምቆመው» አለ በዝግታ።  ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። እሱንም የሚያስቸኩለው ሌላ ቶሎ በሉ ከበላዩ አለ።

ኢንጂነሯ አስጠርታ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠችኝ፤ ስለ ሃያ አንዱ ፊርማ። «ባትጽፈው ኖሮ አናውቅም ነበር። ከጻፍከው በኋላ ግን እንዳላየን ማለፍ አንችልም» አለችኝ። ልክ ነሽ ብዬ ፈረምኩ። እጄ አልከበደኝም። ሥራው በአዲስ ገመድ ሰኞ ይጀምራል፤ እኔም ሰኞ እወጣለሁ። በምሳ ሰዓት ባለ ቢጫ ሻርፗ ከአጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዳቦዋን ገምሳ ግማሹን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስለ ገመዱ አላነሣችም፤ ስለ ልጇ ሳል ነገረችኝ፤ በላን።

አሁን ስለ አንቺ። እትዬ፣ ያኔ የጻፍሽልኝ ቃል ከክፉ አውጥቶኛልና አንድ ቃል እንድመልስልሽ ፍቀጂልኝ። እኔ የራሴን ድርሻ እግዚአብሔር ላይ ጣልኩ። አንቺ ደግሞ ያንቺን ድርሻ ተሸክመሽ፣ የእሱን ደርበሽ፣ የመምህርትንና የነዚያን ሴቶች ድርሻ ከላይ ጭነሽበታል። አባባን አደራ የሰጠሽ እሱ ነው፤ ለብቻሽ ብሎ ግን አልሰጠሽም። የእኔ ስንፍና እምነት መስሎኝ ነበር። ያንቺስ አለማመን ትጋት መስሎሽ ቢሆንስ? ከበዛ ይቅር በይኝ። እጄ ላይ ያደገ ልጅ ደፈረኝ በይና ተቆጪ፤ ግን ከተቆጣሽ በኋላ አስቢበት።

ደግሞ ነይ። አንድ ሳምንት። አናጢው ለበዓል ቤተሰቦቹ ዘንድ ይሄዳልና አልጋው ባዶ ነው። ከአምስት ዓመት ወዲህ ፊትሽን አላየሁትም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ለወንድምዓለም፣

ተቆጣሁ። ሁለት ቀን ተቆጥቼ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤህን ለመምህርት አነበብኩላቸው፤ ይፈርዱልኛል ብዬ። «የሚታረም ስሕተት አላገኘሁበትም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እየተለማመድኩ ነው። ሴቶቹ በየተራቸው ሲመጡ ከቤት እወጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከበራችን እስከ መንገዱ ጥግ ደርሼ በሩጫ ተመለስኩ። አባባ ምንም አልሆኑም፤ ሴትየዋም አልተቀየመችኝም። በሁለተኛው ቀን እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጸልይ ስል ቃሉ ጠፋኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጸሎቴ «አበርታኝ» ብቻ እንደነበር ያኔ ገባኝ። «ያዝልኝ» ብዬ አላውቅም። አንተ «ያዝልኝ» እያልክ እጅህን ሰበሰብክ፤ እኔ እጄን አልሰበስብ ብዬ «ያዝልኝ» ማለት አቃተኝ። የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን በዚህ ይወቁልን። ብቻ ያን ቀን አልኩት። ቀስ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማ። ከዚያ ተቀምጬ ወፎች አየሁ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

የምመጣበትን ቀን ንገሪኝ ብለህ በኋላ በላክኸው አጭር ደብዳቤ ደጋግመሃል። ቅዳሜ ታኅሣሥ 22 በጠዋቱ አውቶቡስ እነሣለሁ፤ አመሻሹ ላይ እደርሳለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እመለሳለሁ። ለሴቶቹ ስለ አባባ አያያዝ አራት ገጽ ጽፌ ነበር። መምህርት ተቀብለውኝ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዙ ግማሽ ገጽ ብቻ አስቀሩልኝ። በሰረዙት ሁሉ ዳርቻ ላይ «ይህን እናውቃለን» የሚል ተጽፎበታል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ይህን አናውቅም ነበር፤ እናመሰግናለን» ብለዋል። ስለ ማንኪያው ነው።

እፈራለሁ። ግን እመጣለሁ። ለአባባ ስነግራቸው ብዙ ሊሉ ፈልገው አፋቸው ተያዘ፤ እኔም «ይናፍቁኛል ማለትዎ ነው» ብዬ ጨረስኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ ይሁን አይደለም ይሁን አላወቅኩም።

እህትህ


ታኅሣሥ 27

ለሁለታችሁም፣ ለልጆቼ፣

ይህን የሚጽፉት መምህርት ናቸው፤ የምናገረው ግን እኔ አባታችሁ ነኝ። ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። እሳቸው ቃሌ እስኪወጣ ድረስ እስክሪብቷቸውን ይዘው ይጠብቁኛል፤ ሳልጨርስ አይጨርሱልኝም። ይህን ስል ልጄን መውቀሴ አይደለም። ልጄ ቃሌን የምትጨርስልኝ እንዳልደክም ብላ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የምትለው እኔ ልል የነበረውን አልነበረም። ስትሄጂ ጊዜም «ይናፍቁኛል ማለትዎ ነው» አልሽኝ። ልል የነበረው «ቆይተሽ ነይ» ነበር።

ደህና ነኝ። ከሴቶቹ አንዷ ስትዘምር ድምፅዋ አያምርም፤ ግን ከልቧ ነው። ሌላዋ ማንኪያውን በደህናው እጄ አስይዛ ፊቷን ታዞርልኛለች። ግማሹን አፈሳለሁ፤ ግማሹን ራሴ እበላለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ መብላት ተማርኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። እህትህ በእኔ ምክንያት ቤት ከተዘጋባት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ጸሎት ነበረኝ። ልዳን የሚል አልነበረም። ይህች ልጅ ፀሐይ ትይ የሚል ነበር። አራት ዓመት እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ ለእሷ ግን አንድ ቀን አልነገርኳትም። ምላሴ ከባድ ነው ብዬ ተውኩት። ምላሴ ከባድ ነው እንጂ አልሞተም። ሰዎች እንዲመጡ እፈልጋለሁ፣ ጥሪያቸው ማለት እችል ነበር። ወለሉ ላይ ወድቀን ሳለ አንዲቱን ቃል አልኳት፤ ያቺ ቃል ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አፌ ውስጥ ነበረች። ልጄ፣ መርፌውን እግዚአብሔር ላከብሽ አልልም። እኔ በጊዜው ብናገር ኖሮ መርፌው አያገኝሽም ነበር እላለሁ። ይቅር በዪኝ።

አንተም ልጄ፣ ስለ ገመዱ መምህርት አንብበውልኛል። በኩራት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሃያ አንዱን ቀን ግን አልረሳሁትም፤ አንተም እንዳትረሳው።

እንግዲህ ዛሬ ድርሻዬን ልወጣ። ቅዳሜ እመለሳለሁ ብለሻል። አትመለሺ። ሌላ አንድ ሳምንት ሁኚ፤ ከወንድምሽ ጋር መንገድ ለመንገድ ዙሪ፤ ሲወጣና ሲወርድ እዪው፤ ተኚ። ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጥተነዋል፤ ነገ ይደርሳችኋል። ስለ ሰጠኝ ልጆች፣ ስለ ሰጠኝም ጎረቤት እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።

ወንበሬን በሩ አጠገብ አድርገውልኛል። ከወንበሩ እስከ በሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ በምርኩዝ እየተለማመድኩት ነው። ስትመጪ አንኳኪና ትንሽ ጠብቂ። የምከፍትልሽ እኔ ነኝ።

አባታችሁ